«አለህ» ወደ ፊት አይባልም

ኅዳር 5፣ ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

ፓስቲው አለቀ፣ ሻይ ቅጠሉ አለቀ፣ እግሬም አለቀ። የዓርብ ነገር። ገበያተኛው ከነአህያው አርብ ገበያ ከተማችንን ሲሞላት ሁሉም እኔ በር ላይ የተራገፈ ነው የሚመስለኝ። ገና አሁን ቁጭ አልኩ። ብርቱካን ልጄ አንችን ደብተሬን ከደ/ታቦር ስትልክልኝ፣ ከሰው ጋር የማታወሪውን ጻፊበት ብላ ነበር። ከሰው ጋር የማላወራው ደግሞ ምን አለኝ ብዬ ስቄባታለሁ። እስካሁን ስለ ዱቄትና ስለ ጎረቤት ነው ያደከምኩሽ።

ዛሬም ክርክር። መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ሻይ ቤቴ የመኪና ፓርላማ ሆናለች። ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። ባለቤቴ ታከለ፣ የወገዳን መስመር በቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚሠራው። መ/ር ደሳለኝ፣ የሁለተኛ ደረጃው አስተማሪ። ባጃጅ ነጂው ሙሉቀን። ርእሱ ኩፔ። ባለ ሁለት በር የሀብታም መኪና ማለት ነው። አንችየዋ፣ በኛ መንገድ እንኳን ኩፔ በቅሎም አስባ ነው የምትረግጥ! ያች ሆዷ መሬት የሚልስ መኪና ወገዳ መንገድ ብትወጣ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ተዘርራ ትቀራለች። እነሱ ግን የጀርመኗ ትበልጣለች፣ የለም የጣሊያኗ፣ ሲሉ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። እኔ ሙቅ እጨምርበታለሁ።

ታኬ በዚህ ነገር ንጉሥ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ የአንድ ባለሀብት ኩፔ ተጠግና ስታልቅ ለሙከራ ነድቷታል። ሰፈሩን አንድ ዙር። ይኸው ጠጉሩ ሸበተ፣ ዙሩ ግን አላለቀም። «ታከለ ኩፔ» የሚባለው ከዚያ ነው።

ዛሬ ግን አንድ ነገር። ሙሉቀን ይችን ምን ይሏታል ጋሼ ብሎ ስልኩን አቀበለው። ታኬ ያዘው፣ ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው። ከዚያ መልሶ ሰጠውና መኪናዋን ትቶ፣ ለመሆኑ «ኩፔ» የሚለው ቃል ከየት መጣ፣ እሱን ንገረኝ አለው። ወሬው ዞረ። መ/ሩ ፈረንሳይኛ ነው አለ፣ የተቆረጠ ማለት ነው፣ ድሮ ከኋላ ተቆርጦ ያጠረ ሠረገላ ነበር። ሙሉቀን ጠረጴዛዬን ደበደበው። «ቁርጥ ነው በሉኛ! ከሥጋ ቤት ነው የመጣው!»

እኔም ሳቅሁ። ግን ታኬ የኩፔ ፎቶ ይዞ ስሟን ሳይጠራ የመለሰበትን ቀን አላስታውስም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ ደግሞ የሹፌር ቋንቋ አባቱ ማነው። ታኬ፦ ጣሊያን። ጎማ የሱ፣ ፍሬን የሱ፣ ማርሽ የሱ፣ ባልስትራ የሱ። አገሩ ሲመለስ ጓዙን ሰበሰበና ቃሉን ረስቶት ሄደ ይላል። ፍሬቻም የሱ ናት፤ ያች መኪና ልትታጠፍ ስትል ጥቅስ ጥቅስ የምትለዋ መብራት። ሙሉቀን ወዲያው የራሱን ቁስል አመጣ። ደ/ታቦር የነበረችው ልጅ «ያለ ፍሬቻ ታጠፈችብኝ» አለ። ሳይናገሩ ጥሎ መሄድ በነሱ ቋንቋ እንዲህ ነው። ቃሉ ደስ አለኝ። ስንቱን አውቃለሁ ያለ ፍሬቻ የታጠፈ።

ከዚያ «ፋራ»። ይኸ አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ ፈጀ። መ/ሩ መነሻውን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም አለ። ታኬ ግን ያውቃል! ጋራዥ የነበረ ሽማግሌ ነገረኝ ይላል። ጣሊያን የመኪናን የፊት መብራት «ፋሮ» ይለዋል፤ ባላገሩ መብራቱ ፊቱ ላይ ሲበራበት ደንዝዞ መንገድ መሃል ይቆማል፤ ፋራ ያ ነው። እውነት ይሁን ፈጠራ እግዜር ይወቅ። ታኬ ሲናገረው ግን ሁሉም እውነት ይመስላል።

ሙሉቀን ሊያናድደው፣ እንግዲያ የኛ የምንለው ምንም የለን ጋሼ፣ ሁሉም ውሰት አለው። ታኬ ሁለት ጣት አነሳ። ሁለት አለን አለ። «አለህ» እና «በቃ»።

አስረዳ። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ይመራል፦ ና፣ ና፣ አለህ፣ አለህ። ቦታ አለህ ማለት ነው። ሲጠጋ «በቃ!» ይላል። ሹፌር ወደ ኋላ ሲሄድ ዕውር ነው አለ ታኬ፣ በሰው ቃል ነው የሚሄደው። «በቃ» ከተባለ ለምን አይልም። እግሩ ራሱ ሰምቶ ይረግጣል። መ/ሩ ወደ ፊት ሲኬድስ አይባልም ወይ ሲለው ታኬ ከት ብሎ ሳቀ። «ወደ ፊትማ ምን ሲደረግ መምህር! ወደ ፊት የገዛ ዓይን አለ!»

ጥሩ ቀን። መንገደኛ ቆሞ እስኪያየን ድረስ ሳቅ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ታኬ የአስካለን የጨው መደብ ገጨ። ሰው አልተነካም፣ ተመስገን። ሸራው ተቀደደ፣ ጨዉ ተበተነ፣ የገበያው አህያ ሁሉ እየሮጠ መላስ ጀመረ። ሰው በሳቅ ሞተ። አስካለ ብቻ አልሳቀችም። ኩፔ ሲሉህ ዶዘር ሆነህ መጣህ ብላ ጮኸችበት።

ታኬ ወርዶ ስንታየሁ ላይ ወረደበት። ስንታየሁ ረዳቱ ነው፤ ጎልማሳ፣ የልጆች አባት፣ ብዙ ዘመን አብረው የሠሩ። «አለህ» ያልከኝ አንተ ነህ ይለዋል። ውሸት! እኔ ደጄ ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር። ስንታየሁ ጣሪያው ላይ ጆንያ እያሰረ ነበር። ማንም «አለህ» አላለውም። ዝም ብሎ ወደ ኋላ መጣ።

የሚገርመኝ የስንታየሁ ነገር። ያ ምላሰኛ፣ ያ ለአውራጃ ገዥ የማይመለስ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ አለ።

ምንድን ነው እነዚህ ሰዎች የሚደብቁኝ?

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ማለዳ

ጾም ገባ። እንቁላል ቀረ፣ ፓስቲና ሻይ ብቻ።

ቄስ ሞገስ ትናንት አዝነው ሄዱ። ታኬን መንገድ ላይ አግኝተው መስቀል ቢያወጡለት አልፏቸው ሄደ። ሳይሳለም! ጥሩወርቅ፣ ባልሽ ምን አስቀየምነው አሉኝ። ምን ልበል። ሥራ በዝቶበት ነው አባቴ፣ ይፍቱኝ አልኩ። ሙሉቀንም መጥቶ ጋሼ ዘጋኝ፣ ፊት ለፊት ሰላም ብዬው ዘጋኝ ይላል። እኔ ደግሞ ሙድ ይዞብህ ነው፣ እሱን አታውቀውም ወይ ብዬ አሳቅሁት። አየሽ የኔንም አፍ፣ የልጆቹን ቋንቋ ለመደ።

ቤት ስጠይቀው ፀሐይ ነው አለ። ጠዋት ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል።

ራት ላይ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ቀዳ። ጠረጴዛው ላይ። ድምፁን ሲሰማ ነው ያቆመው። ብርጭቆሽን ማን አንቀሳቀሰው ብሎ ተቆጣኝ።

ማንም አላንቀሳቀሰውም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ከወገዳ

የአክስቴ ተዝካር ነው። ሰው ወጥ ቤት ነው፣ እኔ ጓዳ ገብቼ እጽፋለሁ። አንችን ይዤሽ መምጣቴ በጀኝ።

ጠዋት በታኬ መኪና ተሳፈርኩ። ሞልቷል፤ ለቀስተኛ፣ ነጋዴ፣ ሁለት እናቶች ከነልጆቻቸው። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ደረሰኝ። ስንታየሁ በሩ ላይ መቆም ሲገባው ገብቶ ታኬ አጠገብ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ለወሬ መሰለኝ። መንገዱ ዳር አውድማ ነው፣ ሰው ይወቃል፣ እብቁ ይበናል፣ ጭድ የጫነ አህያ በየቦታው። ደስ የሚል ጊዜ ነው እኮ።

ከዚያ ስንታየሁን ሰማሁ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ቀኝ ያዝ… አለህ… አለህ… አህያ ከግራ… ሳብ… አለህ…

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ያችን የሰኞዋን ክርክር ሰምቶ የሚያፌዝ። ከዚያ ገደሉ ጋ ደረስን። ከታች ዛፉ እንደ ጎመን የሚታይበት መታጠፊያ ነው። ስንታየሁ አለህ፣ አለህ፣ ጠበቅ፣ አለህ። ፀሐዩ ፊት ለፊት። ታኬ ዓይኑን አልከደነም፣ ግን አያይበትም። ጆሮውን ወደ ስንታየሁ አዘንብሏል። መሪውን በጆሮው ነው የሚያዞረው።

ወደ ፊት እየሄድን ነው። ወደ ፊት! «አለህ» ወደ ፊት አይባልም ያለው ራሱ ነው።

አልጮህኩም። እዚያ ላይ ብጮህ እኔ ነኝ የምገድላቸው። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። አጠገቤ ያለችው እናት ልጇን አስተኝታ እሷም ታንቀላፋለች፣ በታከለ ተማምና። ታከለ ኩፔ ነዋ። እሱ ከያዘ ማን ይፈራል።

ነገ በእግሬ ልመለስ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ አፈርኩ። እኔ አውቄ ወርጄ፣ ሌላው ሳያውቅ ሊሳፈር?

ኅዳር 21፣ እሁድ፣ ቤት

በሱ መኪና ተመለስኩ። እመ ብርሃን እንዳመጣችን አውቃለሁ። በዓሏ ነው።

እንደደረስን ስንታየሁን ከመኪናዋ ኋላ ወስጄ ያዝኩት። ምን እንደሰማሁ አልነገርኩትም። «አለህ» አልኩት ብቻ። ፊቱ አመድ ሆነ።

ክረምት ከወጣ ጀምሮ ነው አለ። መጀመሪያ መሸት ሲል ብቻ ነበር። አሁን ጠዋትም። ጉም ነው የሚታየኝ ይለኛል፣ ሰው ሲቆም ግንድ ይመስለዋል፣ ግንድም ሰው። መንገዱን በልቡ ያውቀዋል እትዬ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስሙ ይጠራዋል፤ የሚያስቸግረው አዲስ ነገር ነው፣ አህያ፣ ሰው፣ የወደቀ ድንጋይ። እሱን እኔ አለሁለት። እጁ የሱ፣ ዓይኑ የኔ። አንድ ሹፌር ሆነናል አለ። ኮርቶበታል! ተቆጣሁ። ዓይንህ ውስጥ እብቅ ቢገባስ፣ ብታነጥስስ፣ «አለህ» ልትል ስትል አክታ ቢይዝህስ አልኩት። አለቀሰ። ጋሼ እንዳልናገር አስምሎኛል፣ እሱ ሳይነዳ ምን ሆኖ ይኖራል እትዬ አለ።

እንባውን እንዲጠርግ የነጠላዬን ጫፍ ሰጠሁት።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። ምሳ ሰዓት፣ ሻይ ቤቱን ዘግቼ።

መጀመሪያ ቀለደ። አንች ፍሬንሽ ተበጠሰ እንዴ ጥሩዬ አለኝ። ቀጥሎ ተቆጣ። ስንታየሁን አባርረዋለሁ፣ አንችም አርፈሽ ፓስቲሽን ጥበሺ።

በመጨረሻ ስለ አባቱ አነሳ። አባቱ በስተርጅና ታውረው ታዛው ሥር ነው የኖሩት። የመጣው ሰው ሁሉ እኔ ማነኝ አባባ እያለ ይጫወትባቸው ነበር፣ ልጆች ደግሞ ባዶ ጽዋ ያቀብሏቸው ነበር። ታኬ ይኸን ሲያይ ነው ያደገው። እኔ ታዛ ሥር አልቀመጥም አለ። እስከ ገና ዝም በይኝ፣ ከገና በኋላ ራሴ አቆማለሁ።

እሽ አልኩ። ምን ነካኝ? እሽ አልኩ እኮ!

ኅዳር 26፣ ዓርብ፣ ማታ

ደብተሬ፣ ሻይ ቤቴ እንደ ዛሬው ተስቆበት አያውቅም። እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ኩፔ እንደተለመደው። መ/ሩ የጀርመኗ ደርዝ አላት፣ እድሜ ትጠግባለች ይላል። ሙሉቀን የእንግሊዟ ናት የጌታ፣ ሌላው ሁሉ የልጅ ነው። ታኬ በቃሉ ይከራከራል፤ ፎቶ አያይም፣ የድሮውን ከራሱ እያወጣ። ድምፁ፣ አወራሩ፣ ምን እንደምትይ አላውቅም፣ ያንኑ ዙር ዛሬም የሚነዳ ይመስላል። ሙሉቀን ሊፈታተነው ስልኩን ዘረጋ። «እሽ ጋሼ፣ ይችኛዋስ?»

ታኬ አየት አደረገና አላመነታም። ይችማ የጣሊያኗ ናት፣ ወገቧን እየው፣ እንዲህ ያለ ወገብ ሌላ አገር አይሠሩም።

ፎቶው የሙሉቀን ባጃጅ ነበር። ሰማያዊዋ ባጃጅ፣ እዚሁ ደጄ ላይ የቆመችው።

ሙሉቀን መሬት ወደቀ በሳቅ። መ/ሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ጋሽ ታከለ ቀልድ ላይ ማን ይደርስብዎታል አለ። ታኬም ሳቀ፣ ከሁሉም በላይ። ሲስቅ ግን እጁ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆውን ይፈልግ ነበር። አላገኘውም። ገፋ አድርጌ አስነካሁት።

በዚያው ሳቅ መሃል መ/ሩ ሌላ አመጣ። የሰንበት ት/ቤቱንም እሱ ነው የሚመራው። ታኅሣሥ 4 ልጆቹን ይዘው ቤተ ልሔም ገዳምን ሊሳለሙ ነው፣ እስከ መገንጠያው በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ጋሽ ታከለ ይወስዱናል ወይ። ታኬ ደረቱን ነፋ። ሌላ ማን ሊወስዳችሁ አለ።

ልጆች ናቸው። የማውቃቸው ልጆች፣ ጠዋት ጠዋት ፓስቲ የሚገዙኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ከተማው አዲስ ቃል አወጣ። ባጃጅ ሲጠሩ «የጣሊያኗን ጥራልኝ» ይላሉ። ሴቶቹ ሳይቀሩ። አስካለ እንኳ ጨውዋን ጭና፣ በጣሊያኗ መጣሁ እያለች ስትስቅ ሰማኋት። አንድ ቀን ደግሞ እነ ሙሉቀን ቁጭ ብለው ይኸ ቃል ከየት መጣ ብለው ይከራከሩ ይሆናል። ከጣሊያን ነው ይል ይሆናል አንዱ። እውነተኛ መነሻውን የምናውቅ እኔና ታኬ ብቻ ነን።

መ/ር ደሳለኝ ጋ ሄድኩ ልነግረው። ት/ቤቱ በር ላይ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ተናገርኩ። መንገዱ ከባድ ነው መምህር፣ ሌላ ቀን ብታደርጉት አልኩ። ሳቀ። ጋሽ ታከለ እያሉ መንገድ ምን ያስፈራል እትዬ ጥሩ! አመስግኖ ሸኘኝ። አመስግኖ!

ስንታየሁን እምቢ በል አልኩት። እምቢ ብል ብቻውን ይወጣል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይወጣል።

ብርቱካን ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ አለቀሰች፣ ከዚያ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛነቷ መጣባት። እማዬ፣ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ሞራ ከሆነ ይወጣል፣ አይተው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ ብቻ አምጭው። ሰኞ ለሐኪሙ ተራ ልያዝለት አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት።

ቢላ ዓይኔ ውስጥ? አለኝ።

ይችን ጉዞ ብቻ ጥሩዬ፣ ይችን የልጆቹን ብቻ አለኝ። በእመቤቴ ስም ለመነኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት

ገበያ። እናቶቹ ለጉዞው ዳቦ ቆሎ እየገዙ ነው። ጎረቤቴ የሺ ልጇን ይዛ መጣች፤ መዝሙር የምትመራዋ ናት፣ ነጭ ቀሚስ ተሰፍቶላታል። እትዬ ጥሩ፣ እኔ ከጋሽ ታከለ ኋላ ነው የምቀመጠው አለችኝ ልጅቱ። ያ ወንበር። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር።

ሁለት ፓስቲ ሰጠኋት፣ ሌላ ምን ላድርግ። የሺ ምን ሆንሽ ፊትሽ ጠቁሯል አለችኝ። ጾሙ ነው አልኩ።

ቤት ስመለስ ታኬ መኪናዋን ያጥባል። ግቢያችን ውስጥ ነው የምታድረው። አጥሩ ጋ ቆሜ አየሁት፣ አላየኝም። በእጁ ነው የሚያጥባት። መዳፉ ላሜራው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ጭቃ ሲያገኝ ይቆማል፣ ይፈትጋል፣ ይሄዳል። ፊቷን፣ መብራቷን፣ የተቀጠቀጠ ጎኗን። አንድም ቦታ አልሳተም። እንዲህ ሲያደርግ ደህና ሰው ነው የሚመስል። አንጀቴን በላው።

ስቀርብ በኮቴዬ አወቀኝ። መጣሽ አለኝ። ከዚያ ጨርቁን እየጨመቀ፣ ያን የፋራን ነገር ታስታውሻለሽ፣ መብራት ሲበራበት ደንዝዞ መንገድ መሃል የሚቆመው አለኝ። አዎ አልኩ። «እኔ ነኝ ጥሩዬ» አለ።

እንግዲያ ተው ታኬ አልኩት። ተው በናትህ።

ነገን ብቻ አለ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው፣ ባልዲውን ሳተው።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ነጋ። ልጆቹ ቤ/ክ በር ላይ ተሰብስበዋል፣ ከበሮው እዚህ ይሰማል። ታኬ የበዓል ልብሱን ለብሷል። ሻዩን አልጠጣም። ዓይኑን በውሃ ደጋግሞ ታጠበ፣ እንደሚጠራለት ነገር። ወጣ።

ፈጥኜ ልጻፍልሽ። ወስኛለሁ።

ለትራፊክ አልናገርም። ልጆቹ ፊትም አላዋርደውም፣ የአባቱን ታዛ አላመጣበትም። መኪናዋ ከግቢው ወደ ኋላ ነው የምትወጣው። እኔ ከበሩ ውጭ፣ ከኋላዋ እቆማለሁ። ስንታየሁን ዞር በል እለዋለሁ። ከዚያ ያችን የማቆሚያዋን ቃል እላታለሁ። ጣሊያን ያልረሳት፣ የገዛ ራሳችን ናት ያላትን። እሷን ሰምቶ ለምን የሚል ሹፌር የለም ብሏል፣ እግር ራሱ ሰምቶ ይረግጣል ብሏል። መቆም ለሹፌር ውርደት አይደለም፣ ከኋላው ያለው ሰው ነው የሚያውቅለት።

በመስታወቱ እንደማያየኝ አውቃለሁ። ድምፄን ግን ያውቀዋል፣ ከጫጉላችን ጀምሮ ነው የሚሰማው። ከቆምኩበት አልንቀሳቀስም። ካልቆመም አልንቀሳቀስም።

ልጆቹ ያኩርፉኝ። መ/ሩ ሌላ መኪና እስኪያገኝ ሁሉንም ፓስቲ አበላቸዋለሁ፣ ለሱም እውነቱን በራሴ አፍ እነግረዋለሁ። ቄስ ሞገስንም፣ አባቴ አልናቅዎትም፣ አላየዎትም እላቸዋለሁ። ሰኞ ደ/ታቦር ይዤው እሄዳለሁ። እጁን እኔ እይዛለሁ፣ መንገዱን እኔ እመራዋለሁ፤ ሐኪሙ በር ድረስ፣ የቢላውም አልጋ ድረስ፣ አለህ ታኬ፣ አለህ እያልኩ። ወደ ፊት አይባልም ካለኝም ይበለኝ።

ሞተሩ ተነሳ። የግቢው በር ሲከፈት ይሰማኛል። ስንታየሁ ጀመረ። ና… ና… አለህ… አለህ…

ልውጣ። ቀሪውን